ሁሉም ከአንድ ለቅሶ ቤት

ሚዛን አማን፣ ኅዳር 9

ለእናቴ፣

አሰላሙ አለይኩም እናቴ። እንዴት ነሽ? ሳልሽስ ተሻለሽ? እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ፤ እንቅልፍ ብቻ እምቢ ብሎኛል። በስልክ እንዳላወራሽ ዘመዱ ሁሉ አጠገብሽ ተቀምጦ ይሰማል። ስለዚህ ይህን ወደ እናንተ በሚመጣ መኪና ሾፌር እጅ ልኬዋለሁ፤ ብቻሽን ሆነሽ አንብቢው።

የአጎቴ የሸምሱ መርዶ የመጣ ቀን ስድስቱም ሠራተኞቼ አንድ ሚኒባስ ተኮናትረው ሄዱ። ሁሉም የእሱ የእህትና የወንድም ልጆች አይደሉ? አንዳችሁ እንኳ ቅሩልኝ ብዬ ለምኜ ነበር። ማን ይቅር? «የራስሽን ሰው ትተሽ ባዕድ ልታበዪ ነው?» ብለሽ ያስቀጠርሻቸው አንቺ ነሽ። አልዋሽም፣ እነሱ ባይኖሩ ይህን ሥራ አልጀምረውም ነበር። የቡና ማድረቂያውን አልጋ በእጃቸው ሠርተውልኛል፤ ደመወዝ ሳይጠይቁ ስድስት ወር ቆይተውልኛል። ግን እሸቱ ቡና ሊደርቅ አልጋው ላይ ተሰጥቶ ነበር፤ እዚህ ደግሞ ሰማዩ አይታመንም። ስለዚህ እኔ ቀረሁ። ከሰዓት ዝናቡ ወረደ። ሸራውን ብቻዬን ከአልጋ አልጋ ስጎትት ግማሹ ቡና ራሰ፤ በሳምንቱ ሻገተ።

ለቀስተኛው ስለ እኔ ሲጠይቅሽ «ታማ ነው የቀረችው» አልሽ አሉ። ልትሸፍኚኝ ብለሽ ነው፤ እኔ ግን ተናደድኩ። አልታመምኩም እናቴ። ለቡና ብዬ ነው የቀረሁት። አጎቴን እንዴት እንደምወደው አንቺ ታውቂያለሽ።

አሁን ለለቅሶ የሄዱትን ስድስቱንም መልሼ እንድወስድ፣ የአክስቴን የማርዋን ልጅም እንድጨምር ልከሽብኛል። ሦስቱ ይምጡ። በቀሩት ቦታ የዚሁ አገር ሰዎች፣ የምሥራችንና ባምላኩን ቀጥሬያለሁ። የምሥራች ደመና ስታይ ምሳዋን ጥላ ትነሳለች። ከእንግዲህ ሠራተኞቼን ሁሉ ከአንድ ለቅሶ ቤት አልቀጥርም። ዘመድ ጠል ይበሉኝ፤ ይበሉ።

እህቴን ሐፍሳን እንዳትቆጫት፤ ሐኪሙ ስለ ሳልሽ ያለሽን ሁሉ ነግራኛለች። ለቀስተኛው ፊት እኔን ታማለች ስትዪ የራስሽን ደብቀሽ ነበር ለካ። እንዴት አስቻለሽ?

ዛሬም አልጋው ሙሉ ነው፤ ሰማዩም ጠቁሯል። ሸራውን ለየምሥራች አስረክቤያለሁ። ቅዳሜ አንቺ ዘንድ ነኝ፤ መቼ ትመለሻለሽ ብለሽ እንዳትጠይቂኝ።

አላህ እስክደርስ ያቆይሽ፤ ከዚያም በኋላ ያቆይሽ።

ያልታመመችው ልጅሽ