ከምሳ በኋላ የተጣበቀው ክንፍ

ጁን 14 ቀን 1987። ወንድማችን ፋብሪስ እህል መጋዘኑ ውስጥ የሠራት አውሮፕላን ዛሬ ከሰዓት በኋላ ትበራለች።

እህቴ ሶላንዥ፣ ባሕር ማዶው እንዴት ይዞሻል? እኛ ደህና ነን። ዘንድሮ ቼሪው ቀድሞ በስሏል።

የአውሮፕላኗን አሉሚኒየም ያያያዝነው በኢፖክሲ ማጣበቂያ ነው። ብረቱ በአሸዋ ወረቀት ከተፈገፈገ በኋላ በአንድ ሰዓት ውስጥ መጣበቅ አለበት፤ አለዚያ ማጣበቂያው አይይዝም። ፋብሪስ ታሞ በተኛበት ቀን የግራውን ክንፍ እኔ ፈገፈግሁ። ሚስቴ «ሾርባው ቀዘቀዘ!» ስትል ለምሳ ገባሁ። አይብና ወይን ተጨምሮበት ሁለት ሰዓት ተኩል ፈጀ። ከዚያ ተመልሼ አጣበቅሁት።

ማታ ፋብሪስ «ሳትቆይ አጣበቅኸው?» አለኝ።

«አንተ ደግሞ እንደ አሮጊት ትጨነቃለህ!» ብዬ ሳቅሁበት። ምነው ያን ሾርባ በተውኩት!

ማጣበቂያ በበጠበጥን ቁጥር ከሥራው ጋር አብረው የተፈገፈጉ ሁለት የአሉሚኒየም ቁራጮች ለሙከራ አጣብቀን፣ ቀኑን ጽፈን እናስቀምጣለን። የዚያን ቀኑን ዛሬ ጠዋት አነሣሁት። በጣቴ ተላቀቀ።

አሁን ፋብሪስ ከመኪናው ሆኖ «አንተ ሽማግሌ፣ ሻምፓኙን ይዘህ ና እንጂ! እስክትመጣ በርሬ እመለሳለሁ!» እያለ ይጮኻል።

ልጆቹን ሳሚልኝ፤ ጤና ሁኚ። ጠርሙሱን ለማምጣት ነበር የገባሁት፤ እዚሁ ትቼው ሁለቱን ቁራጮች ይዤ ወጣሁ።

ወንድምሽ ሬሚ