የተራራው ቁጥርና የባሕሩ ቁጥር

ወንድሜ ኮሊን፣

ባለፈው ቅዳሜ ዳቦ ቤት ተሰልፌ ሳለ አንዲት ሴት ከኋላዬ ለጓደኛዋ «ሽማግሌውን የገደለው ያ ማሽኑ ነው» ስትል ሰማሁ። ክሱ ከባድ ስለሆነ ቤት ከመግባቴ በፊት ወደ አባባ ጋራዥ ጎራ ብዬ ማሽኑን አየሁት። እንደ ወትሮው ግማሽ አካሉን ወለሉ ውስጥ ቀብሮ ተኝቷል፤ ነፍስ ያጠፋ አይመስልም። አባባን የገደለው ሳንባው ነው። ወሬው ተጣሞ ደሴትህ ታራዋ ድረስ እንዳይደርስህ ብዬ አስቀድሜ ነገርኩህ።

ለመሆኑ አንተ እንዴት ነህ? ጤናህስ? ባለቤትህ ተረቲያስ እንዴት ናት? ትንሿን ልጃችሁን ሜረን ሳሉ ተዋት ወይ? የምትጠግነው የሆስፒታሉ ጄኔሬተርስ ዛሬም እንደ ሰነፍ በሬ ካልገረፉኝ አልነሳም ይላል? እኛ ደህና ነን፣ ይህ ደህና ከተባለ። እማማ ትበላለች፣ ትተኛለች፤ ጠዋት ጠዋት ግን አሁንም ሁለት ኩባያ ሻይ ነው የምትቀዳው። ሁለተኛውን እኔ እጠጣዋለሁ። እንደ አባባ አወሳሰድ ስኳሩ ጥርስ ያነቅላል፤ ቢሆንም ተይ አላልኳትም።

መርዶውን በዚያ በሚቆራረጥ ስልክ ስነግርህ ግማሹን ባሕሩ በላው። ለቀብሩ የሚያደርስ አውሮፕላን ማጣትህን ሁሉም ያውቃል፣ ማንም አልታዘበህም። አሁን ያልሰማኸውን ልጻፍልህ። ስለ መኪናህ ነው።

ጥሉን አትረሳውም፤ እኔ ግን የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ነኝና ነገርን ከሥሩ ካልጀመርኩ አይሆንልኝም። አባባ የሞተር ጉልበት የሚለካበትን ዳይናሞሜትር ልግዛ ብሎ የተነሳ ጊዜ ገበታው ላይ ሌላ ወሬ ጠፍቶ ነበር። አንተ ጎማው ወልቆ ማሽኑ ከጎማው መያዣ ጋር በቀጥታ የሚታሰርበት አዲሱ ዓይነት ይሁን አልክ፤ ጎማ ይንሸራተታል፣ ይግላል፣ ቁጥር ያዛባል ብለህ። አባባ «ጎማ በሌለው መኪና የሚሄድ ደንበኛ አምጣልኝና ነገውኑ እገዛዋለሁ» አለ። የሚሽከረከር ከባድ ብረት ብቻ ያለውን ርካሹንም አልወደደውም። «እሱ መኪናው ሲሮጥ ብቻ ነው የሚያየው። እኔ የምፈልገው ሞተሩን አንድ ፍጥነት ላይ ገትሮ የሚይዝልኝ ፍሬን ያለው ነው። ሐኪም በሽተኛውን እያባረረ ይመረምራል እንዴ?» ይል ነበር። በመጨረሻ ፍሬን ያለውን፣ ጎማው ሮለር ላይ የሚሽከረከርበትን አሮጌውን ገዛ። እስከዚህ ድረስ ሰሃን አልተሰበረም።

ሰሃን የተሰበረው በባሕሩ ነው። ከተማችን ተራራ ላይ ናትና አየሯ ሳሳ ያለ ነው፤ ሞተርም እንደ ሰው ትንፋሽ ያጥረዋል። ማሽኑ ታዲያ «ይህ መኪና ባሕር ዳር ቢሆን ኖሮ ስንት ጉልበት ያወጣ ነበር» ብሎ ከመቶ ስምንት ያህል የሚጨምርበት ማስተካከያ አለው፤ አገር ምድሩ የሚጠቀምበት፣ ነውር የሌለው። አባባ አጠፋው። «መኪናው የሚሄደው እዚህ ነው። ‹ቢሆን ኖሮ›ን የሚፈልግ ጠንቋይ ቤት ይሂድ» አለ። ደንበኞች ማሽኑን «ልብ ሰባሪው» ብለው ሰየሙት፤ አንድ በአንድም መንገዱን ተሻግረው ብሬንተን ጋራዥ ሄዱ። እዚያ ማስተካከያው ላይ የብሬንተን ምርቃት ይታከልበትና ያው መኪና ማንም ሳይነካው ወፍሮ ይወጣል። አንተ «የኔ ሞተር እዚህ ጋራዥ ውስጥ ሁለት መቶ ኪሎዋት ሳያይ ይሞታል» አልክ። እሱ «ባሕሩን እንዲህ ከወደድከው ሂድና እዚያው ኑር» አለ። አንተም በሕይወትህ ለመጀመሪያ ጊዜ ታዘዝከው፤ ከፍተኛው ቦታው ከሰው ቁመት ብዙ የማይበልጥ ደሴት ላይ ሄድክ።

ከዚያ ወዲህ ስምህን አልጠራም፤ «ያ ልጅ» ሆነህ ቀረህ። ሐኪሙ ሳንባው እንደማይድን ከነገረው በኋላ ግን ሰማያዊዋን ፒክአፕህን ከሸራዋ ሥር አውጥቶ ሞተሯን ፈታታው። ምን እየሠራህ ነው ስለው «ቦታ አጣበበችኝ» አለኝ። ፒስተን እየቀየሩ ቦታ ማስለቀቅ አይቼም ሰምቼም አላውቅም። እውነቱን የነገራት ለእማማ ነው፦ ሳልሞት ያ ልጅ ሁለት መቶውን ይስማ፣ ብሏት።

መቆም ሲያቅተው እጁ እኔ ሆንኩ። የጎማዎቹን ንፋስ አስተካክዬ፣ መኪናዋን ሮለሩ ላይ አውጥቼ፣ በማሰሪያ ጠፍሬ፣ የጭሱን ቱቦ ወደ ውጭ ሰድጄ መሪው ጋ ተቀመጥኩ። አባባ የኦክስጅን ጠርሙሱን ነርሷ እንዳስጠነቀቀችው ከበር ውጭ ትቶ ገባና ለሞተሩ ከተተከለው ትልቅ ማራገቢያ ጎን ወንበሩን ሳበ። እማማ በበሩ ብቅ ብላ «ነፋሱ ለራዲያተሩ ነው፤ አንተ ምን ቤት ነህ?» አለችው። «እኔም እግላለሁ» አላት።

ከዚያ ማዘዝ ጀመረ። «አራተኛ ማርሽ። ቀስ በይ እንጂ፣ የተከራየሽው መሰለሽ? አሁን ያዢው።» ፍሬኑ ሞተሩን አንድ ፍጥነት ላይ ገትሮ ይይዘዋል፤ እሱ በኮምፒዩተሩ ነዳጁን ጥቂት ይጨምራል፣ ጥቂት ይቀንሳል፤ ቀጥሎ የካንዴላውን ብልጭታ ያስቀድማል፤ ሞተሩ ሊያንኳኳ ሲል ይመልሰዋል። «ስክሪኑን ተዪው፣ ስሚው! ስክሪን ውስጥ ሞተር የለም» ይለኛል። እንዲህ እያልን ከዝቅተኛው ፍጥነት ወደ ላይ ወጣን። በየመሃሉ እስኪበርድ እናርፍ ነበር፤ የሚያርፈው ሞተሩ ይሁን እሱ፣ ማናችንም አልጠየቅንም።

በመጨረሻ ሙሉውን ረገጥኩት። 186 አለ።

«እንደገና» አለ አባባ። ደገምነው፤ ያው 186። የሚነካካ ነገር አልቀረም ነበር። ወንበሩን ወደ እኔ አዞረና «ግሌንዳ፣ ያ ልጅ አሁን የት ነው የሚኖረው?» አለኝ፣ እንደማያውቅ ሰው። ታራዋ አልኩት። «ከባሕሩ ምን ያህል ይርቃል?» አለ። በግራም በቀኝም ድንጋይ ብትወረውር ውሃ ነው አልኩት። «እንግዲያስ የኮሊንን በባሕር ቁጠሪለት» አለ። ስምህን ጠራው፣ ወንድሜ። ማስተካከያውን አበራሁት። 201 አለ። «ቁጥሩን ንገሪው» አለኝ። ተሳስቼ ነበር በይው አላለኝም፣ ይቅር ይበለኝም አላለም። በሳምንቱ አረፈ።

እነሆ ነገርኩህ። 201 ነው።

ሬሳውን ከተሸከሙት አንዱ ብሬንተን ነበር። ከቀብሩ በኋላ ሳንድዊቹን በእጁ እንደያዘ ተነሳና አባባን በስሙ ጠርቶ «እኛ ደንበኛ ደስ የሚለውን ስንሸጥ ኖርን፤ እውነተኛ ማሽን የነበረው መርቭ ብቻ ነው» አለ። ልባቸው የተሰበረባቸው ሁሉ አጨበጨቡ። እማማ ያን ቀን ያለቀሰችው ያኔ ብቻ ነው። ማሽኑን ልግዛው ብሎን ነበር፤ እማማ ኮሊን ሳይጠየቅ አይሸጥም ብላዋለች። እስቲ ቁርጡን ጻፍልን። ፒክአፕህ ሸራዋን ለብሳ ትጠብቅሃለች።

እማማ አንገትህን አቅፋ ትስምሃለች፤ በባዶ እግርህ አትሂድ ብላለች። ተረቲያን እንደ እህቴ ሳምልኝ። የሜረን ሁለቱንም ጉንጭ፣ አንዱን ስለ እኔ፣ አንዱን ስለ አያቷ። አማትህን እጅ ነስቻለሁ በልልኝ፤ የላኩልንን የደረቀ ዓሣ አባባ አንዲት ሳያስቀር በልቶታል።

እህትህ ግሌንዳ
ቱውምባ፣ ኦገስት 9 ቀን 2016

ፖስታውን ካሸግኩት በኋላ ከፍቼ የጨመርኩት፦ ዛሬ ብሬንተን ከመግዛቴ በፊት ልፈትሸው ብሎ የራሱን የሚዛን ብረቶች ይዞ መጣ። አባባ በየዓመቱ ማሽኑን የሚያስተካክለው ከድሮው የድንች መደብር የገዛቸውን ብረቶች በማሽኑ ክንድ ላይ እያንጠለጠለ ነበር። ስንገለብጣቸው ባለመደብሩ ገበያተኛውን ሊያታልል ከሥራቸው ቦርቡሯቸው ኖሯል፤ ሃያ ኪሎ የሚለው አሥራ ስምንት ተኩል ነው የሚመዝነው። ማሽኑ አሥራ ስምንት ተኩሉን ሃያ ብሎ ስለተማረ ሁልጊዜም ከመቶ ስምንት ያህል ጨምሮ ነበር የሚያነበው። አባባ ለደንበኞቹ ሁሉ ሲሰጥ የኖረው የባሕሩን ቁጥር ነው።