«ለጉብኝት» ብዬ ያስሞላሁትን ስለማረም

ቀን፦ ጥቅምት 18 ቀን 2018 ዓ.ም.
ሮም

ለአውስትራሊያ የጎብኚ ቪዛ ጉዳይ ክፍል ኃላፊ
ባሉበት

ጉዳዩ፦ የጉዟችንን እውነተኛ ምክንያት አስረድቼ፣ የተከለከልነው ቪዛ እንደገና እንዲታይልን ስለመለመን

የተከበሩ ኃላፊ፣

1. እኔ አመልካች የሺወርቅ ሰርፀ በሮም ኤስኲሊኖ ሰፈር የምኖር፣ አንዲት ጣሊያናዊት አሮጊት የምንከባከብ ባዳንቴ ነኝ። ፔርሜሶዬ፣ ማለትም የመኖሪያ ፈቃዴ፣ የታደሰ ነው። ሁለተኛዋ አመልካች እናቴ ወ/ሮ አበራሽ ጉርሙ፣ ከቢሾፍቱ መጥተው ከእኔ ጋር የሚኖሩ የ76 ዓመት ሴት ናቸው። ጣሊያንኛዬ ለሥራ ይበቃኛል፤ ለዚህ ጉዳይ ግን አልበቃ ስላለኝ በአማርኛ ጽፌ ትርጉሙን አያይዣለሁ።

2. መስከረም 5 ቀን ባስገባነው ማመልከቻ፣ ማውንት ጋምቢየር በምትባል የአውስትራሊያ ከተማ አሥራ ሁለት ቀን እንጎበኛለን ብለናል። እዚያ በጥንት እሳተ ገሞራ አፍ ውስጥ የተኛ ሐይቅ አለ፤ ወራቱን ግራጫ ሆኖ ይከርምና ኅዳር ሲገባ ሰማያዊ ይሆናል። የየቀኑን ፕሮግራም ስጽፍ ሐይቁን፣ በሰመጠ መሬት ውስጥ የተተከለውን የአትክልት ቦታ፣ ከተማው መሀል ያለውን ዋሻ ጨረስኩና፣ ሌላ የማውቀው ስለሌለ እንደገና ከሐይቁ ጀመርኩ። እናንተም «ጉልበታቸውን የሚያማቸው ሴት አንድ ሐይቅ አራት ጊዜ ለማየት ዓለምን ያቋርጣሉ ብለን አናምንም፣ ደግሞስ ከሮም ብዙ ሳይርቅ እንዲህ ያለ ሐይቅ አለ» ብላችሁ ከለከላችሁን። እውነታችሁን ነው። እኔም በእናንተ ቦታ ብሆን አላምንም ነበር። ሐይቅ ብርቅ ሆኖብንም አይደለም፤ የቢሾፍቱ ሰዎች ነን፣ ደጃችን ሐይቅ ነው።

3. እውነቱ ይህ ነው። ታናሽ ወንድሜ ገብረወልድ ሰርፀ በዚያች ከተማ እንጨት መሰንጠቂያ ውስጥ ስድስት ዓመት ሠርቷል። ሰኔ 9 ቀን እንደ ደኅና ሰው ተኝቶ ጠዋት አልተነሳም። ልብ ነው አሉ። አብረውት የሚኖሩ የአገራችን ልጆች እዚያው ቀበሩት። እናቴ ይህን እስከ ዛሬ አያውቁም።

4. በእኛ ዘንድ መርዶ እንዲሁ አይነገርም። ዘመድ ወዳጅ ተሰብስቦ፣ ማልዶ በር አንኳኩቶ ነው፤ እናት የልጇን ሞት ብቻዋን አትሰማም። እዚያ ያሉት ልጆች «አምጪያቸው፣ መቃብሩ አጠገብ ሆነን አብረን እናልቅስ» ስላሉኝ፣ እስከዚያ ልደብቅ ብዬ ጀመርኩ። ወንድሜ በሕይወት ሳለ «ኅዳር ላይ ሐይቁ ሰማያዊ ሲሆን ትመጫለሽ» ብሏቸው ነበርና ምክንያት አላጣሁም። ለምን አይደውልም ሲሉኝ ጫካ ገብቷል፣ ኔትወርክ የለም እላለሁ። ሐይቁ ዳር ቆሞ የተቀረጻቸውን የቆዩ ቪዲዮዎች ዛሬ የመጣ ነው እያልኩ አሳያቸዋለሁ። ባለፈው «ይኼ ልጅ ሁልጊዜ አንድ ሹራብ፣ ሌላ የለውም እንዴ?» ብለው ከኤስኲሊኖ ገበያ አዲስ ሹራብ ገዙለት። ሻንጣቸው ውስጥ ከላይ ተቀምጧል። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ የእኔ ነገር ግን እያደር ደፈረሰ።

5. ቅጹን የሞሉልን ተርሚኒ ባቡር ጣቢያ አጠገብ ለሐበሻው ሁሉ ወረቀት የሚጽፉት ኤርትራዊቷ ወ/ሮ ልዕልቲ ናቸው። እሳቸው ደግሞ ቃል በቃል ሳያነቡለት ማንንም አያስፈርሙም፤ ስንቱን ሰው ከጉድ ያወጣ ጠባይ ነው። እናቴ ፊት ለፊት ተቀምጠው ሳለ የጉዞው ምክንያት ምንድን ነው ተብዬ ተጠየቅኩ። ምን ልበል? የልጃቸውን ሞት ከቅጽ ላይ ሲነበብ ይስሙት? «ለጉብኝት» አልኩ። ተነበበላቸው። እናቴም «አዎ፣ ሐይቁን ላይ ነው» ብለው በጣታቸው ፈረሙ። ወ/ሮ ልዕልቲ ይህን ደብዳቤ ሲተረጉሙ እውነቱን አይተው፣ «አፌን ለውሸት አዋልሽው» ብለው ተቀይመውኛል። ቢቀየሙም ተርጉመውልኛል።

6. እምቢታችሁ ከደረሰኝ ወዲህ፣ ምናልባት ናፍቆቱ ይወጣላቸው እንደሆን ብዬ እናቴን ሮም አቅራቢያ ወዳለው አልባኖ ሐይቅ ወሰድኳቸው። ጥቂት አይተው «የልጄ ሐይቅ ይኼ አይደለም፣ ወደ ቤት ውሰጂኝ» አሉ። አሁን ጠዋት ጠዋት «ሐይቁ ሰማያዊ ሆነ ወይ?» ይሉኛል። ጨንቆኛል፣ መላ አጥቻለሁ። እዚህ እንዳልነግራቸው፣ ከሰኔ ጀምሮ እንዴት ደበቅሽኝ ሲሉኝ የማሳያቸው መቃብር እንኳ የለኝም። ዝም እንዳልል ኅዳር ሊገባ ነው።

7. ስለዚህ በትሕትና የምለምነው፦

ሀ. ያያያዝኩትን የሞት ምስክር ወረቀት ተመልክታችሁ ጉዳያችን እንደገና እንዲመረመር፤

ለ. ውሸቱ የእኔ ብቻ ስለሆነ፣ ቅጣት ካለውም በእኔ እንዲያበቃ። እኔን ከልክላችሁ እሳቸውን ብቻ ብትፈቅዱ እቀበላለሁ፤ ልጆቹ ወጥተው ይቀበሏቸዋል፤

ሐ. ይህም የማይሆን ከሆነ፣ አንድ ነገር ብቻ እንድታደርጉልኝ ነው። የመጀመሪያውን የእምቢታ ደብዳቤ ደብቄ «መልሱ ገና ነው» ብያቸዋለሁ። ሁለተኛውን ግን እናቴ በየቀኑ ደረጃውን ወርደው ፖስታ ሳጥኑ አጠገብ እየጠበቁት ነው፤ ሲመጣም ይነበብልኝ ማለታቸው አይቀርም፤ እኔም ያልተጻፈ እያነበብኩ ሌላ ውሸት መጨመር አልችልም። እባካችሁ ስለ ጉልበታቸውም፣ ስለ ሞት ወረቀቱም አትጻፉ። «ዘንድሮ ሐይቁ ሰማያዊ አልሆነም» ብላችሁ ብቻ ጻፉልኝ። እሱን ላነብላቸው እችላለሁ።

ከታላቅ አክብሮትና ከሰላምታ ጋር

የሺወርቅ ሰርፀ
ፊርማ