እሜቴ ለምን፣ የአንድ ልጅ እናት

የሥራ ባልደረቦቻቸው ያወጡላቸውን «እሜቴ ለምን» የሚለውን ስም ከመዝገብ ስማቸው አብልጠው ይወዱ የነበሩት አክስታችን፣ ከአናጺው አባታቸውና ከልብስ ሰፊዋ እናታቸው ጥቅምት 12 ቀን 1954 ዓ.ም. ከሰፈሩ ጋራዥ ጀርባ ባለው ባለ ሁለት ክፍል ቤት ተወለዱ። ለቤቱ ሁለተኛ ልጅ ነበሩ። አፋቸውን የፈቱት ዘግይተው ነው ይባላል፤ ከፈቱ በኋላ ግን የሚያስቆማቸው አልተገኘም።

ይህ ጽሑፍ ከመታተሙ በፊት ታላቅ ወንድማቸው ያዘጋጁት ሌላ ጽሑፍ ነበር። አሥራ አንድ መስመር ነው። «ዝምተኛ፣ ታዛዥ፣ ያለ አንዳች ጥያቄ የኖሩ» ይላል። አንድ ቀን እንኳ ዝምታቸውን የሰማ ሰው እዚህ ካለ እጁን ያውጣ። ዝቅ ብሎ ደግሞ «ልጅ አልወለዱም» ይላል። ያ ወረቀት የሌላ ሰው የሕይወት ታሪክ ስለሆነ ወደ ጎን ተደርጓል፤ ባለቤቱ ከተገኘ መጥቶ ይውሰደው። የእሜቴ ለምን ይህ ነው።

ትምህርታቸውን በ1961 ዓ.ም. ጀምረው እስከ ስድስተኛ ክፍል ተከታትለዋል። ያቋረጡት ስለሰነፉ አይደለም። አንድ ቀን መምህሩ፣ ነገ ሌላ ሰው እንድትሆኑ ዛሬ ተማሩ ብለው ሲመክሩ፣ እሜቴ እጃቸውን አውጥተው፣ ነገ የምሆነው ሌላ ሰው ከሆነ ታዲያ እኔ ዛሬ የምለፋው ለማን ነው ብለው ጠየቁ። መምህሩ የመለሱላቸው በአርጩሜ ነው። ቤተሰብ ይምጣ ተባለ። አባታቸው ከዓመት በፊት ስላረፉ የሄዱት ታላቅ ወንድማቸው ነበሩ። ወንድማቸው ከመምህሩ ጋር ሩብ ሰዓት ተነጋግረው፣ የልጅቷን ራስ ያዞረው መጽሐፍ ነው ብለው ወሰኑና ከቤት አስቀሯቸው። ወንድማቸው ራሳቸው ግን እስከ ጥግ ድረስ ተምረዋል። እስከ ዛሬ አንድም ጥያቄ ሲጠይቁ አልተሰሙም።

እሜቴ ለምን ከዚያ በኋላ ያገኙትን ሁሉ አነበቡ። የመድኃኒት ካርቶን፣ ዕቃ የተጠቀለለበት ጋዜጣ፣ ሽፋኑ የተገነጠለ መጽሐፍ፣ ሁሉም ለእሳቸው ትምህርት ቤት ነበር። የታናሽ እህታቸውን ልጅም በኋላ ያሳደጓት በዚሁ ትምህርት ቤት ነው።

በ1974 ዓ.ም. በሆስፒታል የልብስ ማጠቢያ ክፍል ተቀጠሩ። ክፍሉ ከሕንፃው ሥር ነው። መስኮቱ ከጣሪያው ጋር ተጣብቆ የሚያሳየው የሰው እግር ብቻ ነበር። ወለሉ ዘወትር እርጥብ፣ አየሩ እንፋሎትና በረኪና ነው። የማዋለጃውም የሬሳ ክፍሉም አንሶላ በዚያው ክፍል ይታጠባል፤ ከታጠበ በኋላ የትኛው የየቱ እንደነበር ማንም አይለይም። እዚያ ውሎ ስለ ሕይወት የማይጠይቅ ሰው ካለ የሚያስገርመው እሱ ነው።

አንሶላ ለብቻ አይታጠፍም። ሁለት ሰው ጫፍና ጫፉን ይዞ ይወጥረዋል፣ ያራግፈዋል፤ ከዚያ ተራምዶ ይገናኛል፣ ጫፍ ያቀባብላል፣ ይለያያል፣ እንደገና ይገናኛል። እሜቴ በዚህ ሥራ ላይ አንድ ደንብ ጨመሩበት። ሲገናኙ አንዷ ትጠይቃለች። የተጠየቀችው እዚያው እንደቆመች መመለስ አይፈቀድላትም። መጀመሪያ ወደ ኋላዋ ትሂድ፣ አንሶላውን ትወጥር፣ ታስብ፤ መልሱ የሚሰጠው በሚቀጥለው መገናኛ ነው። ሞትን የሚፈራው ሥጋ ነው ወይስ ነፍስ? ሰው ማንም ባያየው ደግ ይሆናል? እኛ ባንወለድ ኖሮ ጎደለብኝ የሚል ይኖር ነበር? የዚያ ክፍል ሴቶች ከላይ ፎቅ ያሉ ሐኪሞች ያልደፈሩትን ሁሉ በእርጥብ ጫማ ቆመው ጠይቀዋል።

የዘመን ሁሉ የማጠፍ ጓደኛቸው ድምቡሼ ትባላለች። አንድ ጊዜ እሜቴ፣ ፈጣሪ የሚሆነውን ሁሉ አስቀድሞ ካወቀ ለምን ቁጭ ብሎ ያየናል ብለው ጠየቋት። ድምቡሼ ወደ ኋላ ሄዳ፣ ወጥራ፣ አራግፋ ተመለሰችና፣ እኔስ የልጄን ሠርግ ቪዲዮ መጨረሻውን እያወቅሁ ስንቴ ነው ያየሁት አለቻቸው። ክፍሉ በሳቅ ታመሰ። የክፍሉ ኃላፊ ግን አልሳቁም። «ከሥራው ጋር ግንኙነት የሌላቸው ጥያቄዎችን በማንሳት ሌሎች ሠራተኞች እንዲያስቡ በማድረግዎ» የሚል የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ጻፉላቸው። ደብዳቤው በመስታወት ገብቶ ሳሎን ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል። እሜቴ በሕይወታቸው ያገኙት የምስክር ወረቀት እሱ ብቻ ነው፤ ያሰቀሉትም ባለቤታቸው ናቸው።

ከባለቤታቸው ከቁልፍ ሠሪው ጋር የተጋቡት በ1977 ዓ.ም. ነው። በ1980 ዓ.ም. ሴት ልጅ ወለዱ። ይህ መስመር ተደግሞ ይነበብ፤ በ1980 ዓ.ም. ሴት ልጅ ወለዱ። ልጅቱ ዘጠኝ ቀን ኖረች። ጠባች፣ አነጠሰች፣ የአባቷን ጣት ይዛ አልለቅም አለች። በዘጠነኛው ቀን አረፈች። እናቷ ገና ከአልጋ ሳይነሱ ታላቅ ወንድማቸው ልጅቱን አቅፈው ወጡ፤ ባዶ እጃቸውን ተመለሱ። የት እንዳስቀመጧት ሲጠየቁ፣ ዘጠኝ ቀን ምን ይቆጠራል፣ እንዳልነበረች ቁጠሪው፣ ደግመሽ ትወልጃለሽ አሉ። ደግመው አልወለዱም። ቦታውን ለሠላሳ አምስት ዓመት ጠየቋቸው፤ ለሠላሳ አምስት ዓመት ረስቼዋለሁ አሏቸው። የሁሉንም ሰው ውለታ የማይረሱ ሰው ይህችን ብቻ ረሱ። ባለቤታቸው ግን ስንት ልጅ አለህ ያላቸውን ሁሉ «አንድ» እያሉ እስከ 2001 ዓ.ም. ዕረፍታቸው ድረስ ኖሩ።

እሜቴ ከወሊድ ተመልሰው ሥራ በገቡበት ቀን፣ በመጀመሪያው አንሶላ፣ በመጀመሪያው መገናኛ ድምቡሼን ጠየቋት። ዘጠኝ ቀን የኖረ ሰው ዕድሜው ሙሉ ነው ወይስ ቁራጭ? ድምቡሼ ወደ ኋላ ሄደች። አንሶላውን ወጠረች። ተመልሳ ስትመጣ ግን ጫፉን አቀብላ ዝም አለች። በሚቀጥለውም ዝም አለች። እሜቴም አልወቀሷትም፤ ጥያቄው ሳይነሳም ሳይወድቅም በሁለቱ መሐል እንደተወጠረ ቀረ።

በ1995 ዓ.ም. ሃያ አንድ ዓመት ያገለገሉበት ክፍል ተዘጋ። እጥበቱ ለውጭ ሰዎች ተሰጠ ተባለ። በረኪናው ግን ከደረታቸው አልወጣም። ሳሉ ጸንቶባቸው በጥር ወር 2015 ዓ.ም. ዕድሜያቸውን ባገለገሉበት በዚያው ሆስፒታል ሲተኙ፣ አልጋው ላይ የተዘረጋ ነገር አልነበረም፤ ባዶ የፕላስቲክ ፍራሽ ነው። አንሶላ ከቤት አምጡ ተባልን። የዚያን ሕንፃ አንሶላ በእጃቸው ሲያጠቡ የኖሩ ሴት ጀርባቸው ፕላስቲክ ላይ ተጣብቆ አደረ። ለዚህ ማንም ይቅርታ አልጠየቀም፤ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤም የተጻፈለት የለም።

በማግስቱ ድምቡሼ ከቤቷ ነጭ አንሶላ ይዛ መጣች። አንዱን ጫፍ ራሷ ያዘች፣ ሌላውን ለእህታቸው ልጅ ሰጠች። ሁለቱም በአልጋው ግራና ቀኝ ወጥረው ሳለ ድምቡሼ ቆም አለች።

«እሜቴ፣ ያኔ የጠየቅሽኝን አስቤዋለሁ» አለች። «ሙሉ ነው። የሕፃን አንሶላም አራት ጫፍ አለው። ስናጥፈው የምንገናኘውም ያው እንደ ትልቁ ነው።»

እሜቴ ዓይናቸውን ጨፈኑ። እንባቸው ወደ ጆሯቸው ወረደ። ከዚያ እንደ ልማዳቸው ተቆጡ።

«ለዚህ ነው ሠላሳ አምስት ዓመት የፈጀብሽ?» አሉ። «እሺ፣ ሙሉ ትሁን። ታዲያ ማነው ሳትዘረጋ ያጣጠፋት?»

ድምቡሼ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሄደች። ሳትመለስ ቀረች፤ ምክንያቱም ይህኛው ጥያቄ የእሷ አልነበረም።

እሜቴ ለምን የካቲት 3 ቀን 2015 ዓ.ም. በተወለዱ በስድሳ አንድ ዓመታቸው፣ በተዘረጋ አንሶላ ላይ አረፉ። ታላቅ ወንድማቸውን፣ ታናሽ እህታቸውን፣ ያሳደጓትን የእህታቸውን ልጅና ድምቡሼን ትተው ሄደዋል። ቀድመዋቸው የሄዱት ባለቤታቸውና ልጃቸው ናቸው። እሜቴ የአንድ ልጅ እናት ነበሩ። ልጅቱ የተቀበረችበትን ቦታ የሚያውቁት ሰው ዛሬ ከፊት መስመር ተቀምጠዋል። እህታቸው ከነልጃቸው አፈሩ ከተመለሰ በኋላ ከዚህ አንንቀሳቀስም ብለዋል፤ ቦታው ለእኒያ ሰው እስኪታወሳቸው ድረስ ይጠብቃሉ።

በሰላም ይረፉ ብለን አንጸልይላቸውም፤ ዕረፍት አይወዱም ነበር። ፈጣሪ ነፍሳቸውን ሲቀበል ያንን የመጨረሻ ጥያቄያቸውንም አብሮ ይቀበል። እዚያው ፊታቸው ቆሞ የመጣለትን አይመልስላቸው። አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ይሂድ፣ ያስብ፣ ከዚያ ተመልሶ ይንገራቸው።