ዳኜ ይጾማል ብዬ የጻፍኩ ቀን

አርብ፣ ነሐሴ 5

ወንድሜ ጾመኛ ሆኖ አረፈው! የነገሩኝ ጋሽ ተክሌ ናቸው፤ የአእምሮ ዕድገት ውስንነት ላለባቸው በተከፈተው ማዕከል ውስጥ ወንድሜን ዳኜን የሚንከባከቡት ሽማግሌ። «ፍልሰታ ከገባ ጀምሮ ጠዋት እህል በአፉ አይዞርም። ዘጠኝ ሰዓት ላይም እየለመንነው ነው ሁለት ሦስት ጉርሻ የሚቀምሰው። እኛን እኮ አሳፈረን» አሉኝ። ምን እዋሻለሁ፣ ኩራት ኩራት አለኝ። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ «ምስኪን» ሲባል የኖረ ልጅ፣ ዛሬ ሰው ቀናበት።

ራቤል ላለችው እናቴ ደወልኩላት። በስልክ እልል አለች። እሷ አቅሟ ደክሞ፣ እኔም መሐል ሜዳ ከተማ አንዲት የኪራይ ክፍል ይዤ ቀኑን ሙሉ ሳስተምር ስለምውል ነው ግንቦት ላይ እዚህ ያስገባሁት። ሌላ ምን አደርግ ነበር? አሁን ትምህርት ተዘግቷል፣ እየተመላለስኩ አየዋለሁ።

ግን ዛሬ ፊቱ ጥውልግ ብሏል። የሱፍ ኮፍያውን ግራ ጆሮው ላይ ጎትቶ ነበር የተቀመጠው። ብርዱ ነው አልኩ።

ቅዳሜ፣ ነሐሴ 6

ዝናብ። አልሄድኩም። የማይደርቅ ልብስ አጠብኩ። መጽሐፍ ገልጬ አንዱን ገጽ ሦስት ጊዜ አነበብኩት። መቀመጥ አቃተኝ። እስቲ ልጻፈው፦

ኮፍያው።

ልሄድ ስል ሁልጊዜ እጅጌዬን ይዞ «እንሂድ» ይላል። ዳኜ ያሉት ቃላት ሦስት ናቸው፤ «ውሃ»፣ «እቴ»፣ «እንሂድ»። እቴ እኔ ነኝ። ትናንት አንዱንም አላለም።

ደግሞስ ቤት ሳለ መቼ ጾሞ ያውቃል? የጾም ምግብ ይበላል እንጂ እናቴ ቁርሱን ካዘገየች ሞሰቡን ራሱ ነበር የሚከፍተው።

ይሄን ከጻፍኩ በኋላ እስክሪብቶውን አስቀመጥኩ። ሰው ይለወጣል አልኩ። ለራሴ ነው ያልኩት።

እሁድ፣ ነሐሴ 7

ከቤተ ክርስቲያን በቀጥታ ወደ ማዕከሉ። ቁርስ ቀርቧል፣ የሽሮ ፍርፍር። በፍልሰታም ቢሆን ቅዳሜና እሁድ እስከ ዘጠኝ ሰዓት አይጾምም፤ ጋሽ ተክሌ ራሳቸው እየበሉ ነው። ዳኜ ሳህኑን ገፋው። ላጎርሰው ብል ፊቱን አዞረብኝ። ብድግ ሲል ሱሪው በሲባጎ ታስሮ አየሁ። የቀበቶው መጨረሻ ቀዳዳ እንኳ ሰፍቶታል።

«እሁድን ደግሞ ማን ይጾማል?» ብዬ ጮህኩ። እኔ ስጮህ ጎረቤት ይሰማል። ጋሽ ተክሌ ጉርሻቸውን እንደያዙ ቀሩ። ወጥ ቤት ያሉት እትዬ አስካለ ብቅ አሉና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ጾሙ ሳይገባም እንቁላሉን ሳይበላ ሳህኑን ይመልስ እንደነበር ነገሩኝ። «ለማን ልናገር፣ የሚጠይቀኝ የለ» አሉ።

የማዕከሉ ኃላፊ ዘንድ ገባሁ። እንደ እሳት ነድጃለሁ። ሴትየዋ ዳኜ ሲገባ የሞላሁትን ቅጽ አወጣችልኝ። የእኔ ጽሑፍ ነው። ሃይማኖት፦ ኦርቶዶክስ። ከጎኑ፣ ማንም ሳይጠይቀኝ፣ «ጾም ይጠብቃል»።

ለምን ጻፍኩት? እንዲያከብሩት ነው። ጥግ ላይ እንደ ተቀመጠ ዕቃ እንዳያዩት። እኔን አፈር ያስበላኝ!

ሰኞ፣ ነሐሴ 8

ኮፍያውን አወለቅኩት። ጮኸ፣ ታገለኝ፣ ግን አወለቅኩት። ግራ ጉንጩ አብጧል። አፉ ይሸታል። ለመሆኑ ስንት ቀን ነው እንዲህ የሆነው? «አመመኝ» የሚል ቃል የለውም። የነበረው ምልክት ሳህኑን መግፋት ነበር፣ እሱንም ጽድቅ አደረግንበት።

ሆስፒታል ወሰድነው። ነጭ ጋውን ሲያይ በሩ ላይ ተዘርግቶ ተኛ። ሐኪሙ ይባረክ፣ ጋውኑን አውልቆ በሹራብ መጣ። ጋሽ ተክሌ ደግሞ የለበሱትን ባና ከትከሻቸው አውርደው ጭኑ ላይ ደረቡለት። ያ የሱፍ ልብስ ከበድ ሲለው ዝም እንደሚል ካስገባሁት ጀምሮ ሲያዩ ኖረዋል። እኔ እህቱ ይሄን አላውቅም ነበር። መንጋጋ ጥርሱ ተነቀለ። መግሉ ፈሰሰ። ጣቴን ነክሶኛል፤ ይንከሰኝ።

ስንወጣ ጋሽ ተክሌ ግድግዳ ተደግፈው አለቀሱ። «እሱ ሲሰቃይ እኔ አሞግሰዋለሁ» አሉ። ልቆጣቸው ነበር፣ ግን አልሆነልኝም።

ማክሰኞ፣ ነሐሴ 9

ለእናቴ እውነቱን ነገርኳት። «ልጄ ሲራብ ነው እንዴ እልል ያልኩት?» አለች።

ይዤው ልውጣ? የት አደርሰዋለሁ? አከራዬ ዳኜ እኔ ጋ ያደረ አንድ ሌሊት በጩኸቱ ተነስታ ያለችውን አልረሳም። ስለዚህ ከኃላፊዋ ጋር ተፋጠጥን። የጠየቅኳት አንድ ደብተር ነው፤ ማን ምን እንደበላ፣ ማን ምን እንደተወ የሚጻፍበት። «በሁለት ሠራተኛ?» አለች። እውነቷን ነው፣ ያላት ሁለት ሰው ነው። ደግሞ ሳህኑን የሚሰበስቡት እትዬ አስካለ ናቸው፣ እሳቸው ፊደል አልቆጠሩም። ታዲያ በክብ ይሁን አልኩ። ሁሉን ከበላ ሙሉ ክብ፣ ከተወ ግማሽ፣ ካልነካው ጭረት። እትዬ አስካለ እስክሪብቶውን ተቀብለውኝ መዳፋቸው ላይ ሞከሩት። ኃላፊዋ «እስቲ እናያለን» አለች። እምቢ አላለችም።

ሐሙስ፣ ነሐሴ 11

ዳኜ ትናንት ሙሉ ቀን ውሃ ብቻ። ደብተሩ ላይ ጭረት፣ ጭረት፣ ጭረት። እንቅልፍ ምን እንደሆነ ረሳሁ።

ዛሬ ጠዋት መጀመሪያ ቅጹን አስወጣሁና ያን መስመር ሰረዝኩት። ከሥሩ፣ «ጾም አይጠብቅም። ካልበላ አሞታል ማለት ነው» ብዬ ጻፍኩና ፈረምኩ።

ከዚያ ዳኜ ከኋላዬ መጥቶ እጅጌዬን ያዘ። «እቴ። እንሂድ።» ወደ ቤት ውሰጂኝ ማለቱ ነው ብዬ ወደ ግቢው በር ዞርኩ። እሱ ግን በሩን አላየውም። ጎትቶ ጎትቶ ወጥ ቤት አስገባኝ።

ከጠዋቱ አራት ሰዓት ነው፤ ቤቱ ሁሉ ጾም ላይ። እትዬ አስካለ የገብስ አጥሚት ቀዱለት፣ ፍርፍርም አራሱለት። ቆሞ፣ በቀኝ በኩል እያኘከ፣ ሳህኑን ጠረገው። ደብተሩን አወረዱና ክቡን ራሳቸው ሣሉት። ጠመም ብሏል።

ትምህርት ሲከፈት ይሄን ደብተር ማን እንደሚያይልኝ አላውቅም። ዛሬ ግን ወንድሜ በልቷል።