የአሜሪካ ሙከራ በጀውሃ

ሰኞ፣ ጥር 16

የመጣችልኝን አሮጌ ሳንቲም ሐሰተኛ ናት ብዬ በሙሉ ድምፅ ውድቅ አደረግኋት። ድምፁ የእኔው አንድ ድምፅ ነው።

እትዬ ዘሃራ ከጀውሃ ድረስ በመሀረብ ቋጥረው ነበር ያመጧት። እሑድ ልጃቸውን ይድራሉ። ለአንገት ድሪዋ የሚንጠለጠል አንድ ጠገራ ብር ጎድሎባቸው የአያታቸውን ሣጥን ሲበረብሩ አገኟት። አያትየው በግመል ጨው ያመላልሱ የነበሩ ነጋዴ ናቸው። ወደ እኔ የመጡት፣ ሸዋ ሮቢት ውስጥ የመኪና መለዋወጫ እየሸጥኩ አሮጌ ገንዘብ ስለምሰበስብ ነው። በዚህ ሙያ ከጣርማ በር ወዲህ ተወዳዳሪ የለኝም። ሌላ ሰብሳቢ የለማ።

የአገሩ ደንብ ይታወቃል፤ ጠገራ ብር ሲመጣ በላዩ በተቀረጸችው ንግሥት ትከሻ ላይ ያሉት የጌጥ ፍሬዎች ይቆጠራሉ። ፍሬ ከጎደለ ገበያው አይቀበላትም፣ ጽሑፏንም የሚያነብ የለም። በዚህችኛዋ ላይ ፍሬው ቀርቶ ንግሥቲቱም የለችም፤ ሌላ ሴትዮ ቁጭ ብላለች። ብሩም ተልጦ መዳቡ ይታያል።

«እንግዲያው አንጥረኛው ጋሽ ሰይድ ብር ቀብቶ ይበሳልኛል፤ ከሩቅ ማን ያያል» ብለው ሄዱ።

በኩራት ምሳዬን በላሁ።

ማክሰኞ፣ ጥር 17

የትናንቱ ምሳ ዛሬ አነቀኝ።

ጠዋት የቀበሌ ስብሰባ ነበር። ሰብሳቢው ስለ አንድ አዲስ አሠራር ሲያብራራ፣ «መጀመሪያ በሙከራ ደረጃ እናየዋለን» አለ። እግዜር ይስጠው፤ ከስብሰባ አንድ ነገር ይዤ ስወጣ ይህ የመጀመሪያዬ ነው። ቤቴ ሮጬ ፎቶ ኮፒ የሆነውን የሳንቲም መጽሐፌን ገለጥኩ።

አሜሪካኖች በድሮ ዘመን አዲስ ዶላር ሲያስቡ መልኩን ለማየት ‹ሙከራ› ብለው ጥቂት በመዳብ ይመቱ ነበር፤ አንዳንዱንም ብር ይቀቡታል። ካልወደዱት ይተዉታል። የተረፉት በጣም ጥቂት ናቸው። ሥዕሉ ላይ ያችው ሴትዮ ቁጭ ብላለች፤ እንደ ፈረንጅ 1870። ዕድሜ ልኬን የምመኛት መዳፌ ላይ መጥታ ፍሬ ፈለግሁባት!

ባለቤቴ አሰገደች ግምገማ ተቀመጠችልኝ። ግለ ሂስ አደረግሁ። ጥልቀት ይጎድለዋል ተብሎ ተመለሰብኝ።

ከተበሳች ግን አለቀላት። የተበሳ ራዲያተር ይበየዳል፤ የተበሳች ሙከራ ምን ትደረጋለች?

ረቡዕ፣ ጥር 18

በመጀመሪያው ሚኒባስ ጀውሃ ለመድረስ ወጣሁ። ሚኒባሱ ግን እስኪሞላ ረፋዱን ጨረሰው።

አንጥረኛው ጋሽ ሰይድ ሱቅ ውስጥ የሉም። ሳንቲሟ ሰንዳኑ ላይ፣ መብሻው አጠገቧ፣ ቀዳዳው የሚያርፍበት ቦታ ላይ የከሰል ነጥብ። ከቁጭ ባይዋ ሴትዮ ራስ በላይ! ሰውዬው ለቀትሩ የዙህር ሶላት መስጊድ ሄደዋል። ለዛሬው ሶላት እኔም ከልቤ አሚን ብያለሁ።

ሲመለሱ ለመንኳቸው። «የሰው አደራ፣ አማና ናት። ባለቤቷ ሳይሉ ለአንተም አልሰጥ፣ ለራሴም አላስቀር» አሉ። መብሻውን ግን እስከ ነገ ወደ መደርደሪያው መለሱልኝ። ያችን መደርደሪያ ብስማት ደስ ባለኝ።

ሐሙስ፣ ጥር 19

ያሉኝን ሦስት ጠገራ ብሮች ይዤ እትዬ ዘሃራ ግቢ ገባሁ። ሁለቱ በእጄ፣ የምወዳት ሦስተኛዋ በደረት ኪሴ።

እውነቱን ሁሉ ነገርኳቸው። ብርቅ መሆኗን፣ አዲስ አበባ ያለ የሚያውቅ ሰው ቢያገኛት ከጠገራ ብር እጅግ የበለጠ እንደምታወጣ፣ ሰኞ ዕለት የተናገርኩት በሙሉ ገለባ መሆኑን። ዳስ የሚተክሉት ጎረምሶች ሥራቸውን ትተው ሰሙኝ።

«አሜሪካኖቹ ወደዷት?» አሉኝ እትዬ ዘሃራ።

«አልወደዷትም እትዬ። ሞክረው ተዉአት።»

«ሞክረው የተዉትንማ በልጄ አንገት አላንጠለጥልም። ለሙከራ ትዳሩ ራሱ ይበቃታል።»

ጎረምሶቹ ሳቁ፤ አንዱ መዶሻውን ጣለ። በምትኳ አንድ ጠገራ ብር ልሰጥ፣ ብሸጣትም እኩል ልንካፈል ቃል ገባሁ። እሳቸውም ኢንሻአላህ አሉና የአገሩን ደንብ ጀመሩብኝ። አንደኛዋን ብር አዩ፤ ፍሬዋ ተፍቋል፣ አይሆንም። ሁለተኛዋም እንደዚያው።

«ደረትህ ላይ ያለችውስ ለማን ናት?»

አወጣሁ። ቆጠሩ። ደግመው ቆጠሩ። «ማሻአላህ፣ ይህችስ እመቤት ናት» ብለው መቀነታቸው ውስጥ ከተቷት። ከዚያ አብረን ወደ ጋሽ ሰይድ ሄደን አማናዬን ተረከብኩ።

ዓርብ፣ ጥር 20

ጠዋት አሰገደች በሎሚና በአመድ ልትፈትጋት ስትል ከእጇ አስጣልኩ። ሰብሳቢ አያጥብም፤ የከሰሉን ነጥብ እንኳ እፍ ብቻ ነው ያልኩት። በመስኮቱ ብርሃን ሳያት ዋልኩ። ሁለት የናፍጣ ማጣሪያ ፈላጊዎች ደንበኞቼ ተቆጥተው ሄደዋል። ይሂዱ።

አሰገደች ግን በማጉያ መነጽሩ ዘለግ ላለ ጊዜ አይታት፣ «ስብሰባ የሄደ ባል የምትጠብቅ ትመስላለች» አለች።

ምናልባት አንድ ቀን አዲስ አበባ ያለ አዋቂ ቅጂ ናት ይለኝ ይሆናል። ይበል። እኔም ሰኞ ዕለት አዋቂ ነበርኩ። እስከዚያው ግን ከጣርማ በር እስከ ማጀቴ ያለ ሕዝብ ሁሉ ይወቅልኝ፤ ቀዳዳ የላትም።