በወገግታ ብስኩት ፋብሪካ ድረ ገጽ ላይ ስለተሰቀለው ፎቶዬ

ለተከበሩ አቶ መኳንንት ቀለሙ
የወገግታ ብስኩት ፋብሪካ ሥራ አስኪያጅ
ኮምቦልቻ

ጉዳዩ፦ ምስጋና ማቅረብን ይመለከታል

ክቡር ሆይ፣ ይህ ደብዳቤ እርስዎን፣ መላ ቤተሰብዎንና በተለይም ሁለቱን ዓይኖችዎን በሙሉ ጤና እንዲያገኛቸው ከልብ እመኛለሁ። እኔ ጌታ ይመስገን ደኅና ነኝ፤ ከንዴቴ በቀር የሚያመኝ የለም።

ዘንግተውኝ እንደሆነ፣ አምና የድርጅትዎ ድረ ገጽ በተመረቀበት ዕለት ሪባን ሲቆርጡ ከጎንዎ ያቆሙኝና ነጭ በትር የሸለሙኝ ዓይነ ስውር እኔ ነኝ። ፋብሪካው ከእንግዲህ ለሁሉም ክፍት እንደሆነ ሲያበሥሩም እጄ እስኪቀላ አጨብጭቤአለሁ።

ዘንድሮ ድርጅትዎ የስልክ ኦፕሬተር እንደሚፈልግና አካል ጉዳተኞች እንዲያመለክቱ እንደሚያበረታታ በሬዲዮ ሰማሁ። ዲግሪ አለኝ፤ ደሴ የሚገኘው የቤተ ክርስቲያናችን ጽሕፈት ቤት ስልክ ሲጮኽ የማነሳውም እኔው ነኝ፣ በነጻ። ደመወዝ ያለው ሥራ ግን እስካሁን አላገኘሁም። ስለዚህ ተበረታታሁ። ለዚህም የሚከተለውን ምስጋና አቀርባለሁ።

፩ኛ. ስልኬ ለዓይነ ስውራን በተሠራ ፕሮግራም ገጽ ላይ የተጻፈውን ሁሉ ጮክ ብሎ ያነብልኛል። የእርስዎ ድረ ገጽ ላይ ግን ማስታወቂያው ሁሉ በፎቶ የተለጠፈ ስለሆነ «ምስል፣ ምስል፣ ስም የሌለው ቁልፍ» ከማለት በቀር የሚያነበው አጣ። ስም የሌለውን ቁልፍ የማመልከቻው ነው ብዬ በድፍረት ብጫነውና አድራሻዬን ብሞላ፣ ለካ የብስኩት ማዘዣው ኖሮ ሁለት ካርቶን ብስኩት ደሴ ድረስ ተላከልኝ። ሥራ ለጠየቀ ሰው ብስኩት የሚሰጥ ድርጅት ከእርስዎ በፊት አላጋጠመኝም።

፪ኛ. ማስረጃዎቼን ይዤ በሚኒባስ ኮምቦልቻ ወረድኩ። የበሩ ጥበቃ አቶ ጋሹ፣ ዕድሜ ይስጣቸው፣ የራሳቸውን ወንበር ለቀውልኝ ወደ ቢሮ ደወሉ። ከቢሮ የመጣው መልስ ማመልከቻ የሚቀበሉት በድረ ገጽ ብቻ መሆኑንና የሚያይ ሰው ፈልጌ እንዳስሞላ የሚገልጽ ነበር። እኔ ከነሙሉ ሰውነቴ በሩ ላይ ቆሜ ሳለ ማለት ነው።

፫ኛ. ጎረቤቴ ጣይባ ውለታዋን አላህ ይክፈላትና፣ ከሥራ ደክማ ገብታ ቁጭ ብላ ሞላችልኝ። ቅጹ ስለሚጠይቅ ለሰው የማልነግረውን የሕክምና ታሪኬን ሳይቀር ነገርኳት። ከዚያ እናቷ ታመውባት ሐርቡ ከተማ ሄደች። የቃለ መጠይቁ ጥሪ የወጣው እሷ ሐርቡ ሳለች ነው፤ እሱም በፎቶ። እኔ በየቀኑ ድረ ገጹን እከፍታለሁ፣ ስልኬ በየቀኑ «ምስል» ይለኛል። ጣይባ ተመልሳ ስታነብልኝ ስሜ ከተጠሩት አንደኛ ላይ ተጽፎ ነበር፤ ቀኑ ግን አልፏል። ደውዬ ብጠይቅ፣ ስላልመጣሁ ሥራውን እንዳልፈለግሁት መቆጠሩን በትሕትና ነገሩኝ። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ማለት ይኸው ነው። ያን ዕለት አልቅሻለሁ፣ አልደብቅዎትም።

ክቡር ሆይ፣ ልመናዬ ትንሽ ነው። ማስታወቂያውን በፎቶ ብቻ ሳይሆን በጽሑፍም ያውጡልን፤ ለየቁልፉም ስም ያውጡለት። ድረ ገጹን የሠራልዎትን ባለሙያ ቢጠይቁት ሪባን ከመቁረጥ ብዙም እንደማይከብድ ይነግርዎታል። የሥራ ቦታው እስካሁን ሰው ካልተቀጠረበት ደግሞ ይደውሉልኝ፣ አነሳለሁ። ያመለከትኩትም ስልክ ማንሳት እችላለሁ ብዬ ነው።

ሥራ እንደማይፈልግ የተቆጠረው፣ ብስኩትዎን ግን ሳይፈልግ ያገኘው አክባሪዎ
ሉቃስ አግማስ
ከደሴ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ጣይባ እንደነገረችኝ ድረ ገጹ ሲከፈት መጀመሪያ የሚታየው በትር ስቀበል የተነሳሁት ፎቶ ነው፤ ከላዩም «ማንንም ወደ ኋላ አንተውም» የሚል ተጽፎበታል። ምናልባት ስልክ ቁጥሬ ጠፍቶብዎት ከሆነ ላስታውስዎ፤ ለዚያ ፎቶ ስፈለግ ደውላችሁ፣ ቤቴ ድረስ መኪና ልካችሁ ወስዳችሁኝ ነበር። ቁጥሬ ያው የያኔው ነው፤ ቤቴንም አልቀየርኩም።